ከመርካቶ እስከ ጭላሎ ግርጌ

በአገራችን ስሙ ስድብ የሆነ ሆስፒታል አንድ ብቻ ነው። እገሌ ጥቁር አንበሳ ገባ ሲባል ሰው "እግዜር ይማረው" ይላል፤ ጳውሎስ ተኛ ሲባል ሙዝና ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቅ ይሄዳል። "አማኑኤል ገባ" ሲባል ግን ወይ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ወይ ይሳቃል። ልጆች ሲጣሉ "አማኑኤል ሂድ!" ይባባላሉ፤ አሰላ፣ ሁሩታና በቆጂ ያሉ፣ ግቢውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ። ስድቡን እንደ ታሪክ ሰነድ ብናነበው ብዙ ይነግረናል። ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል በመላው አገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማለት አንድ አጥር ግቢ ነበር ማለት ነውና።

ግቢው የሚገኘው መርካቶ ጥግ፣ ስሙን ከወረሰው ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ሆስፒታሉ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ሲሆን ጣሊያን ከወጣ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞቹ ከውጭ የሚመጡ ነበሩ። ኮንትራታቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ ሌላው ይተካል። የበሽተኛውን ቋንቋ ሳያውቅ የሚመጣ፣ ጆሮው መልመድ ሲጀምር ሻንጣውን የሚያስር ሐኪም፣ ጎበዝ እንኳ ቢሆን፣ ተተኪ ማፍራት አይሆንለትም። ቤቱ በሽተኛ የሚቀመጥበት እንጂ ሐኪም የሚወጣበት ቤት አልነበረም።

ከአሰላ አዲስ አበባ፣ በአዳማ በኩል፣ 175 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ያኔ ግን እጁ በገመድ የታሰረ ወንድም ይዞ አውቶቡስ ለመሳፈር መጀመሪያ ረዳቱን ማሳመን ያስፈልግ ነበር። ለመንገዱ በሬ ይሸጣል፣ ሁለት ጉልበታም አጃቢ ይፈለጋል፣ መርካቶ አካባቢ የሚያሳድር ዘመድ ይጠያየቃል። ስለዚህ አማኑኤል የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነለት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ስል አንድ ሁለት ነገር ማለቴ አይደለም።

አርሲ ውስጥ ከአማኑኤል በፊት የሚጠራ ሌላ ስም አለ፤ ፋራቀሳ። ተከታዮቻቸው አዮ ሞሚና የሚሏቸው ሴት ከሰሜን ተነሥተው፣ ብዙ አገር አቋርጠው፣ መጨረሻ ያረፉበት ቦታ ነው። መንፈስ ያደረበትን ሰው በማከም ስማቸው የገነነ ነበር፤ ያረፉትም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፋራቀሳ ግን ባለቤቱ ሲሞት እንደሚዘጋ ሱቅ አልተዘጋም። እስላሙም ክርስቲያኑም በየዓመቱ እየተሳለ፣ ስለቱን እያደረሰ፣ ልጁንና ሚስቱን እየያዘ ይሄዳል። በዚህ ላይ በየደብሩ ያለውን ጸበል፣ በየቀበሌው ያለውን ሸህ፣ የአርሲ እናቶች አቴቴን፣ ቃሉውን ጨምሩበት። የአርሲ ሰው "ሐኪም አልነበረውም" ሲባል የምሰማው አነጋገር እዚህ ላይ ያስቸግረኛል። ሐኪም ሞልቶት ነበር። ያልነበረው ነጭ ጋዋን የለበሰው ነው።

ይህን የተረዱት ደግሞ ሳይካትሪን መጀመሪያ ያስተማሩት ሰዎች መሆናቸው ነው የሚገርመው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያ ሳይካትሪን ካስተማሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሮበርት ጊል የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ነበር። ጊል ከቢሮው ወጥቶ ሄደ። ቫን ላይክ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ በአንዲት ትንሽ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኝ መንደር የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሆነ አጠና። ጊዮን ድረስ ሄዶም፣ የዛሬዋ ወሊሶ ማለት ነው፣ በዚያ ስለሚደረገው የእምነት ፈውስና ስለ መንፈስ ልክፍት ጻፈ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህም ከጊል ጋር በመሆን የአንድ ቄስንና የአንድ ሸህን የፈውስ ሥራ ጎን ለጎን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1975 አሳትመዋል። ለቄሱም ለሸሁም ደጅ የቆመው ሕዝብ አንድ ዓይነት ሕዝብ ነበር።

ከጊል ጥናቶች ውስጥ ለሕክምና ተማሪ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከመንፈስ ጋር የተያያዘው አይደለም። በተራ ተመላላሽ ክፍል ራሴን፣ ልቤን፣ ወገቤን ብለው ከሚሰለፉት ሰዎች መካከል ቀላል የማይባለው ክፍል ሕመሙ የአእምሮ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አማኑኤልን በሕልሙም አያይም። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ቢኮምፕሌክስ ታዞለት፣ ካልተሻለው ደግሞ መርፌ ተወግቶ፣ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ሳይካትሪን መማር ያለበት ማን ነው? አማኑኤል የሚቀጠረው አንድ ሐኪም ወይስ ቢኮምፕሌክሱን የሚያዘው ሁሉ? ጥያቄው ያን ጊዜ ተነሣ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከክርክር አልወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1967 ዓ.ም. ግድም መልሱን ወደ ሁለተኛው አዘንብሎ አወጣ። በድሃ አገሮች መሠረታዊ የአእምሮ ሕክምና በስፔሻሊስት እጅ ብቻ ሊሰጥ አይችልም፤ ተራው የጤና ሠራተኛ ሊማረው ይገባል አለ። ይህን ሐሳብ አሰላ ላይ ላለ ሰው ማስረዳት አያዳግትም ነበር፤ በሌላ መልኩ ደጁ ላይ አይቶታልና። በ1960 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ካዱ የሚባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተክለዋል። በምርምር ጣቢያ የተፈተነ የስንዴ ዘር በጥቂት ባለሙያዎች እጅ፣ ከነሱ ወደ ልማት ሠራተኞች፣ ከልማት ሠራተኞች ወደ ሞዴል ገበሬዎች፣ ከሞዴል ገበሬው ወደ ጎረቤቱ ይወርዳል። ካዱ ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ትራክተር ሲመጣ ጭሰኛው ከመሬቱ መፈናቀሉን የአርሲ ሽማግሌዎች አይረሱትም። ነገር ግን ጥቂት የሚያውቅ ሰው ብዙውን እንዴት እንደሚያስተምር የሚያሳይ መንገድ ነበር።

ስዊድኖች ወደ አርሲ በስንዴ በኩል መጡ፤ ወደ ሳይካትሪያችን የመጡት ግን በወለጋ በኩል ነው። ላርስ ያኮብሶን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ስለሚመጡ የአእምሮ ሕሙማን አጥንቷል፤ ሕዝቡ ከአብዮቱ በፊት የአእምሮ ሕመምን እንዴት ይረዳና ያክም እንደነበረም ጽፏል። በኋላ ስዊድን ውስጥ ያለው ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች የምርምር ቤት የሆነው በእሱ በኩል ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ዶክትሬታቸውን የያዙት እዚያ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ግድም አማኑኤል ውስጥ የተጀመረው ነገር፣ እኔ እንደምገምተው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ምዕራፍ ነው፤ ይሁንና ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ለነርሶች የአንድ ዓመት የሳይካትሪ ሥልጠና ተከፈተ። ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ስፔሻሊስት የሚያደርግ ትምህርት ከመኖሩ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ማለት ነው። በሌላው ዓለም መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ፣ ቀጥሎ ስፔሻሊስቱ፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ መጨረሻ ነርሱ ይማራል። እኛ መሰላሉን ከታችኛው እርከን ጀመርን።

ከሥልጠናው የወጣው ነርስ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ይላካል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው። ሆስፒታሉ ከግቢው ዳር አንዲት ክፍል ይሰጣቸዋል። ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመዝገብ ደብተር። መድኃኒቱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ በወር አንዴ የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌ፣ ለሚጥል በሽታ ደግሞ ፌኖባርቢታል። የሚጥል በሽታ በሌላ አገር የነርቭ ሐኪም ሥራ ነው። እዚህ ግን ከአእምሮ ክፍሉ ደጅ የሚሰለፈው ሰው ብዙው ለሱ የመጣ ነው። እሳት ላይ ወድቆ እጁ የተቃጠለ ልጅ፣ ስትወድቅ ክብሪት እየተለኮሰ ስላሸተቷት አፍንጫዋ የተላጠ ሴት። ሕዝቡ ነርሱን "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱም ማረም ይታክተዋል። በእርግጥም ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ የአእምሮ ሐኪም ማለት እሱ ነበር።

የዚያኑ ዘመን የሕክምና ተማሪዎች ጥቂት ሳምንት አማኑኤል ይመደባሉ፤ ቁልፍ ያለው በር፣ ፒጃማ የለበሰ ሰው፣ ሲጋራ የሚለምን ሰው አይተው ይመለሳሉ። እንዲህ ዓይነቱ ምደባ ሳይካትሪን ያስተምራል ወይስ ያስፈራል የሚለው በኔ እምነት ገና አልተመለሰም። ሕመሙ የከፋበትን ብቻ ያየ ተማሪ፣ ነገ ጤና ጣቢያው ላይ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት፣ ሐሳቡ ሁሉ ተበትኖበት የሚመጣውን ገበሬ አያውቀውም። ሊያውቀው የሚገባው ግን እሱን ነበር። ሳይካትሪስት እሆናለሁ የሚል ተማሪ ካለም ቤተሰቡ "ሌላ አጥተህ ነው?" ይለዋል። ጓደኞቹም ከሱ ጋር ሲያወሩ ፈገግ ይላሉ፤ ስድቡ ወደ ሐኪሙም ይሻገራል።

ከፍ ያለውን ትምህርት የፈለገ ውጭ ይሄድ ነበር። አንዳንዱ ተመለሰ፤ ብዙው አልተመለሰም። በ1995 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከ70 ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥር ወር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመት የሳይካትሪ ሬዚደንሲ ከፈተ። ለማስተማር የሚበቃ ሰው ስለሌለ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በካናዳ በኩል ዶክተር ክሌር ፔይን፣ በዚህ በኩል ፕሮፌሰር አታላይና ባልደረቦቻቸው ቆሙለት። አሠራሩ ቀላል ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ሁለት መምህራንና አንድ የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት ከቶሮንቶ ይመጣሉ፤ አንድ ወር ተቀምጠው ያስተምራሉ፣ በዎርድ ከሬዚደንቶች ጋር በሽተኛ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ሬዚደንቱ ወደ ካናዳ አይሄድም። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሄደ አይመለስማ።

ለኔ ከዚህ ስምምነት ሁሉ የሚገርመኝ አንድ ተራ ነገር ነው። የቶሮንቶው ፕሮፌሰር በሽተኛውን አይሰማውም። በሽተኛው በአማርኛ ይናገራል፤ ሬዚደንቱ ያስተረጉማል። አስተማሪው የሚያስተምረውን ነገር የሚያገኘው ከተማሪው አፍ ነው። ሬዚደንቱ "ሆዴ ባባ" የሚለውን ለመተርጎም ቆም ብሎ ማሰብ አለበት፤ ምን ማለት እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቦበት አያውቅማ። እንዲህ እያለ ሁለቱም ይማራሉ። ሌላ ሙያ ቢሆን ነገሩ አይከብድም፤ ፈረንጁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አፍ ሳይከፍት ሐሞት ከረጢት ያወጣል። የሳይካትሪ መሣሪያ ግን ንግግር ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ተመረቁ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ተጨመረ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የአገሪቱን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም. ሲያወጣ ሳይካትሪስቶቹ 40 ያህል፣ የሳይካትሪ ነርሶቹ ከ400 በላይ ነበሩ። ከ40ው አብዛኛው አዲስ አበባ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ግድም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ጋር፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በበኩሉ፣ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ከፍተዋል። መሃል ላይ ያለው እርከን ማለት ነው፤ ከነርሱ በላይ፣ ከሳይካትሪስቱ በታች። በክፍለ ሀገር ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍሉን የሚመራው፣ ተማሪ ሲመጣ የሚያስተምረው፣ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ከሁለቱ እርከኖች የወጣ ሰው ነው።

አሰላ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በጎርፉ ነው። በዚያን ጊዜ የሐኪም እጥረትን ለመሙላት መንግሥት በየዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪ ቁጥር በእጥፍ በእጥፍ ሲጨምር፣ ሙያው ውስጥ ያሉት ፖሊሲውን "ጎርፍ" ይሉት ነበር። አዲስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተከፈቱ። አዳማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ቤቱን አሰላ ላይ አደረገ፤ የአሰላ ሆስፒታልም የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 አርሲ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ሲቋቋም አሰላ ያሉት የጤናውና የግብርናው ትምህርት ቤቶች ወደሱ ዞሩ። ካዱ ያለፈበት ከተማ ውስጥ ግብርናና ሕክምና በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መውደቃቸው ለኔ የአጋጣሚ ጨዋታ ይመስለኛል፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ እመለስበታለሁ። የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ለአርሲ ዞን ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ መዝግቧል። ይህን ያህል ሰው ላለበት ደጋ አገር፣ የ175 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ብቸኛ መንገድ መሆኑ አብቅቷል ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ከየት መጡ? ከመላው አገር። ሚኒስቴሩ ሲመድብ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሐረር ልጁን አንሥቶ ጭላሎ ተራራ ሥር ያስቀምጠዋል። ከተማው ውስጥ በአማርኛ ይግባባል፤ ሻይ ቤትም ባጃጅም አይቸግረውም። ከሳጉሬ፣ ከጢዮ፣ ከሙኔሳ ገጠር የመጣችው እናት ግን ኦሮምኛ ነው የምትናገረው። የቶሮንቶው ፕሮፌሰር ችግር እዚህ በግልባጩ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ቋንቋውን የማያውቀው አስተማሪው ነበር፤ እዚህ ተማሪው ነው።

አስተርጓሚ ይጠራል። አስተርጓሚው ባል ነው፣ ወይ ዘበኛው፣ ወይ ካርድ ልታወጣ የመጣች ጎረቤት። ሴትዮዋ ስለ "ገራ"ዋ ትናገራለች። ገራ በኦሮምኛ ሆድ ነው፤ እንደ አማርኛው ሆድ ሁሉ ግን የሐዘን፣ የቂም፣ የናፍቆት ማደሪያም ነው። ሁለቱም ቋንቋ ሐዘንን ሆድ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ሆድ ሲባስ ምን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል፤ አስተርጓሚው ግን አሳጥሮ "ሆዷን ያማታል" ይለዋል። ተማሪው የሰገራ ምርመራ ያዛል። ጃርዲያ አይጠፋም፤ ፍላጂል ይሰጣታል። ሴትዮዋ ልጇን ከቀበረች ስድስት ወሯ መሆኑን ማንም ሳይጠይቃት ትሄዳለች።

ሌላም አለ። በየመጽሐፉ ላይ ያለው ጥያቄ "ድምፅ ይሰማሃል?" የሚል ነው። ገጠሬው ቅር ብሎት "አዎ፣ ደንቆሮ አይደለሁም" ይላል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ "ይሰማል" ብሎ ይጽፋል። ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ፣ ማለትም ማንም ሳይኖር፣ ሌላው የማይሰማውን፣ ሳይጠራህ የሚያናግርህ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፋራቀሳ የሚሄድ ሕዝብ መሃል ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል። መንፈስ ሲያናግረው ጎረቤቶቹ ምን አሉ? "እሱስ እንደ ሌሎቹ ነው" ካሉ አንድ ነገር ነው። "ይሄስ የመንፈስ አይደለም፣ ሰውዬው ጠፍቷል" ካሉ ሌላ ነው። የአገሩ ሰው መለያ መስመሩን ያውቀዋል፤ ተማሪው ከሱ መማር አለበት። ይህን ትምህርት ቶሮንቶ ማስተማር አይችልም፤ አማኑኤልም ሙሉ በሙሉ አይችልም።

ድንገተኛ ክፍሉ ሌላው መማሪያ ነው፤ ማንም ሳይካትሪ ብሎ ስላልሰየመው ብዙ ተማሪ ሳያውቀው ያልፈዋል። ስንዴ በሚመረትበት አገር ሁሉ የተባይና የአረም መድኃኒት እቤት ይቀመጣል፤ በብስጭት ሰዓት ደግሞ እጅ ይደርስበታል። ሌሊት ሰው ተሸክሞ ይመጣል። ኢንተርኑ አትሮፒኑን ይሰጣል፣ ልብ ይቆጥራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል፣ ሰውየውን ያተርፋል፤ ጠዋት ሲነጋ ወደ ዎርድ ያስተላልፈዋል። "ለምን?" ብሎ ለመጠየቅ ግን ጊዜ የለም፤ ቢኖርም ዙሪያው ዘመድ ነው። ካዱና ከሱ በኋላ የመጡት ያስተማሩት እርሻ ምርትን አሳደገ፤ ከዚያው ጋር የመጣው ጠርሙስም ድንገተኛ ክፍሉ ደረሰ። ለዚህ ነው ግብርናና ሕክምና በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆናቸው አጋጣሚ ብቻ እንዳይሆን የምመኘው። አንድ ቀን የልማት ሠራተኛውም የሕክምና ተማሪውም ስለዚያች ጠርሙስ አብረው ቢነጋገሩ ደስ ይለኛል።

አረቄውንም ልጨምር። አርሲ ነገሌ የሚወጣው አረቄ በጀሪካን ሆኖ የት የት እንደሚደርስ ማንም ያውቀዋል። ሆስፒታል ለሌላ በሽታ ተኝቶ በሦስተኛው ቀን የሚንቀጠቀጥ፣ አልጋው ላይ ጉንዳን የሚያይ ሰው ሲገኝ፣ አስታማሚው "መንፈስ ነው" ይላል። ተማሪው "ስንት መለኪያ ትጠጣ ነበር?" ብሎ ቢጠይቅ "አልጠጣም" ይባላል፤ አረቄን እንደ መጠጥ የማይቆጥር ብዙ ነው።

ወደ መሰላሉ ልመለስ። ከዝዋይ ሐይቅ ወዲያ ማዶ፣ ከአርሲ ብዙም በማይርቅ ቡታጅራ አካባቢ፣ ፕሮፌሰር አታላይና ባልደረቦቻቸው ከ1990 ዓ.ም. ግድም ጀምረው ለብዙ ዓመታት አንድ ትልቅ ጥናት አድርገዋል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያለባቸው ተለዩ። ከተገኙት ውስጥ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያገኙት በጣም ጥቂት ነበሩ። ሌላ ጥናት ደግሞ የመንደር ሽማግሌዎችንና የአካባቢ መሪዎችን ጠይቆ፣ ለአእምሮ ሕመም ሰው አስቀድሞ ወደ ባህላዊው ፈውስ እንደሚሄድ አሳየ። በቅርቡ፣ በዚያው በጉራጌ ሶዶ አካባቢ፣ በጤና ጣቢያ ያሉ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ክትትል፣ በሆስፒታል ካለችው የሳይካትሪ ነርስ ክትትል እንደማያንስ በሙከራ ተረጋገጠ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። የ1980ው መሰላል ሌላ እርከን ወደ ታች ወረደ ማለት ነው።

ከላይ ላለው ሐኪም ይህ ምን ይተውለታል? አንዳንዱ ሥራዬን ወሰዱብኝ ይላል። እኔ ግን አሰላ ላለው ተማሪ የተረፈለት ሥራ የከበደው ይመስለኛል። መድኃኒት ማዘዝ ጤና ጣቢያው ከቻለ፣ ሐኪሙ የጤና ጣቢያውን ነርስ ማስተማር፣ መቆጣጠር፣ ሲሳሳት መመለስ፣ ሲያቅተው መቀበል አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ሳይካትሪን በጥቂት ሳምንት ምደባ አይማረውም። ቁጥሩ ሲያድግ ጥራቱ አብሮ ያድጋል የሚል ሰው ካለ፣ ከጎርፉ ዘመን በኋላ አንድ በሽተኛ ከበው የቆሙ ሃያ ተማሪዎችን ይመልከት። ከኋላ የቆሙት የበሽተኛውን ፊት አያዩም፤ ሳይካትሪ ደግሞ ፊት ማየት ነው።

ተማሪው በሽተኛውን ሲመዘግብ የሚሞላው ቅጽ ላይ "ከዚህ በፊት የታከመበት" የሚል ቦታ አለ። ሐኪም ቤት ብቻ እንዲጻፍበት ታስቦ ስለተሠራ መስመሩ አጭር ነው። አስተማሪው ጥንቁቅ ከሆነ ተማሪውን እንደገና ያስጠይቀዋል። በመጀመሪያ የት ሄዳችሁ? ከዚያስ? ከዚያስ? አስተርጓሚው ቀስ በቀስ ይላላል። ሸሁ ጋር፣ ሁለት ጊዜ። ጸበል፣ አርባ ቀን። ፋራቀሳ፣ ስለት ተይዞ። አንድ ጊዜ አማኑኤል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን መመለሻ ስላልነበረ ቀረ። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ቢኮምፕሌክስ። መስመሩ ይሞላል። ተማሪው ካርዱን ገልብጦ ከጀርባው ይቀጥላል።